ልጄን «አንቱ» የምልበት ምክንያት

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልጄን «እሳቸው» እያልኩ ነው የምጽፈው። ዕድሜያቸው 15 ነው፤ ገና መንጃ ፈቃድ እንኳ አላወጡም። ቀልድም ሽሙጥም አይደለም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ወንድ ይሁኑ ሴት ከተናገርኩ፣ የእኛን ሰፈር ለሚያውቅ ሰው ማን እንደሆንን ለማጣራት ሁለት ስልክ መደወል ይበቃዋል። ሁለተኛውን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። ዘመዶቼ የተናገሩትንም ሁሉ ወደ «እሳቸው» ቀይሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ፣ የምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን፣ የዕድሩ ስብሰባ፣ የትም ብትሄዱ የምታገኙት ያው አንድ ዓይነት ሰው ነው። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ባለቤቴ አረጋውያን ትንከባከባለች። ያለን አንድ ልጅ ነው።

ልጄ ኦቲዝም እንዳለባቸው የተነገረን በ5 ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ «ዘግይቶ አፉን የሚፈታ ልጅ ሊቅ ይሆናል» እየተባልን ተጽናንተን ነበር። በ6 ዓመታቸው የሜትሮውን ቀይ መስመር ጣቢያዎች ከግሌንሞንት እስከ ሼዲ ግሮቭ፣ ከዚያም ወደ ኋላ፣ አንድም ሳይስቱ ይጠሩ ነበር። ከሸሚዝ አንገት ጀርባ የምትሰፋው ትንሽ ጨርቅ ካልተቆረጠችላቸው ልብሱን አይለብሱም። በ1 ሰዓት እንወጣለን ብላችሁ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከሆነ ቀኑ ተበላሽቷል። ውሸት አይችሉም። ሌላ ሰው ሲዋሽም አይገባቸውም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ።

ኦቲዝሙን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል። የሚገርመው፣ ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 ስለዚህ ነገር የመጀመሪያውን ታዋቂ ጽሑፍ ያወጣው ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ባልቲሞር ውስጥ ሆኖ ነው። ስለ 11 ልጆች ነበር የጻፈው፤ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች። አገር ቤት ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ጆጆን ደብቀው ከማሳደግ ይልቅ አደባባይ ወጥተው በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። የእሳቸውን ቃለ መጠይቅ ካየሁ በኋላ ነው እኔም በዕድሩ ስብሰባ ላይ «ልጄ ኦቲዝም አለባቸው» ለማለት አፌ የተላቀቀው። ይህን ስል የሚከብደውን ኮረብታ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

*

በረዶ ይጥል በነበረ አንድ እሑድ ልጄ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ሰጡን። እንደ ነገራቸው ሁሉ በቁጥር የተዘረዘረ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት፤ አሳጥሬ ልንገራችሁ። አንድ፣ ይህ ደብዳቤ ቀልድ አይደለም። ሁለት፣ በተወለድኩበት ጾታ ስትጠሩኝ የሸሚዙ ጨርቅ አንገቴን እንደሚበላኝ ዓይነት ስሜት ይሰማኛል፤ ልዩነቱ ይህንን ማውለቅ አለመቻሌ ነው። ሦስት፣ ከ11 ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። እያለ ይቀጥላል። ስምንተኛው ላይ መልሳችንን እስከ ዓርብ ከቀኑ 12 ሰዓት እንድንሰጣቸው ይጠይቃሉ። ዘጠነኛው አንድ መስመር ነው፦ ለአክስቴ አትንገሩ።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይሄ ኦቲዝሙ ነው» የሚል ነበር። ለአክስታቸው ረቡዕ ዕለት ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኞቻችሁ መገመት ትችላላችሁ። ስልኩ መጥራት ጀመረ። «የትምህርት ቤቱ ጣጣ ነው።» «ኢንተርኔቱን ዝጋባቸው።» «ይህ አገር ልጆቻችንን እየነጠቀን ነው።» አንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ተስማሙ፤ አገር ቤት ይላኩ። ክረምቱን አያታቸው ዘንድ ይክረሙ፣ ጸበል ይጠመቁ፣ ከሰው ይግቡ፣ ሲሻላቸው ይመለሳሉ። ጸበልን አልነቅፍም፤ እኔም የተጠመቅኩ፣ የማምንም ሰው ነኝ። እዚህ ላይ የማወራው ስለ እምነት ሳይሆን እኔ ስላደረግኩት ነገር ነው።

ሦስት ትኬት ገዛሁ። የእኔና የባለቤቴ ደርሶ መልስ ነበር። የልጄ መሄጃ ብቻ ነው። ለእሳቸው የነገርኳቸው «አያትሽን» ወይም «አያትህን» — የቱን እንዳልኩ አልነግራችሁም — ልንጠይቅ ነው ብዬ ነው።

ልጄ ከባቡር ቀጥሎ የሚወዱት የበረራ ሰሌዳ ነው። የቦታ ማስያዣውን ወረቀት አምጣልኝ አሉ፤ ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው የበረራ ቁጥሩን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ሰዓቱን እያነበቡ በደስታ ሲወዛወዙ ቆዩና ቀና ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«አባዬ፣ የአንተና የእማዬ ላይ መመለሻ ቀን አለ። የእኔ ላይ የለም። ተሳስተዋል መሰለኝ። ደውዬ ላስተካክለው?»

ስልኩን አንስተው ነበር።

እኔ በዚያች ደቂቃ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። የማውቀው ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ «ተሳስቻለሁ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ማለቴን ነው። በማግስቱ ሦስቱንም ሰረዝኩ። የተቆረጠብኝን ቅጣት ያህል በደስታ የከፈልኩት ገንዘብ የለም።

*

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የሌሊት ተረኛ ጥቅሙ፣ ማሽኑ ደሙን እስኪያሽከረክር ድረስ ማንበቢያ ጊዜ አይጠፋም። «ኦቲዝሙ ነው» ያልኩትን ነገር እውነት ለማድረግ ፈልጌ እንደጀመርኩ አልደብቃችሁም።

መጀመሪያ ያገኘሁት በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት ነው። አምስተርዳም ባለው የጾታ ማንነት ክሊኒክ የቀረቡ 204 ሕፃናትና ወጣቶች ታይተው 7.8 በመቶዎቹ ኦቲዝም ተገኘባቸው። በጊዜው ለጠቅላላው ሕዝብ ይገመት የነበረው 1 በመቶ ገደማ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የራሳችን ከተማ ጥናት ነው። በዋሽንግተኑ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩት ጆን ስትራንግና ባልደረቦቻቸው በ2014 ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያዙት። ጾታ ክሊኒክ የመጡትን ትተው ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች አዩ። ወላጆች በሚሞሉት የታወቀ መጠይቅ ላይ ልጁ ሌላውን ጾታ መሆን ይመኝ እንደሆነ የምትጠይቅ አንዲት መስመር አለች። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የ5.4 በመቶዎቹ ወላጆች «አዎ» ብለዋል። ለማነጻጸሪያ በተወሰደው ቡድን ውስጥ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። 7.59 እጥፍ ማለት ነው።

ትልቁ የመጣው በ2020 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቫሩን ዋሪየርና ባልደረቦቻቸው ከአምስት ቦታ የተሰበሰበ የ641,860 ሰዎች መረጃ አገላበጡ። ትራንስጀንደር የሆኑና በተወለዱበት ጾታ ራሳቸውን የማይገልጹ ሰዎች ከሌላው ሰው ከ3.03 እስከ 6.36 እጥፍ የሚበልጥ የኦቲዝም ዕድል እንዳላቸው አገኙ።

«ይኸው! ብዬ አልነበር?» አልኩ። ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት። እሷ በአንድ መስመር መለሰችልኝ፦ «እና?»

ይህች «እና?» ናት ደግሜ እንዳነብ ያደረገችኝ።

ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነበር። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ምክንያቱን እናውቃለን አላሉም። የሚሰነዘሩት ግምቶች ብዙ ናቸው። አንዱ፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ብዙም ስለማይይዘው፣ ሌላው በሆዱ ይዞ የሚሞተውን እሱ ያወጣዋል ይላል። ሌላው፣ ማህፀን ውስጥ ያሉ ሆርሞኖች ድርሻ ይኖራቸው እንደሆነ ይጠይቃል። ሦስተኛው በተቃራኒው ያስጠነቅቃል፤ ከሰው የተገለለና የተጨነቀ ወጣት ዓይን ለዓይን አያይም፣ ጓደኛ የለውም፣ ስለዚህ መጠይቁ ላይ ኦቲዝም ሳይኖርበት ያለበት ሊመስል ይችላል።

ጥናቶቹም የራሳቸው ጉድለት አላቸው። የዋሽንግተኑ በአንዲት የወላጅ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። በካምብሪጁ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሰዎች የአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ድረ ገጽ ላይ መጠይቅ የሞሉ ናቸው፤ በአብዛኛውም አዋቂዎች እንጂ ልጆች አይደሉም። ከሁሉም በላይ ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ አንብቡት። በዋሽንግተኑ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው 100 ልጆች 95ቱ ወላጆች «አይ» ነው ያሉት። ስለዚህ «ኦቲዝም ካለ ይሄ ይመጣል» ማለት ውሸት ነው። «ይሄ ካለ ኦቲዝም ነው» ማለትም እንደዚያው።

*

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ምክንያቱም ይህ ቁጥር በአሜሪካም በእንግሊዝም የዱላ ያህል እያገለገለ ነው።

በአንድ ወገን ያሉት «እነዚህ ልጆች ኦቲዝም አለባቸው፣ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት አይታመንም» ይላሉ። የእኔም የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። ግን እስቲ አስቡት። ልጄ ሸሚዙ አንገቴን ይበላኛል ሲሉ አምኜ መቀስ አነሳለሁ። ድምፁ ጆሮዬን ያመኛል ሲሉ አምኜ ሬዲዮ እዘጋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ጊዜ ዋሽተውኝ አያውቁም። ታዲያ ይህችን አንዷን ሲናገሩ ብቻ ስለ ሰውነታቸው የማያውቁ የሆኑት ለምንድን ነው? የማምናቸው እኔን ደስ የሚያሰኘኝን ሲናገሩ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ማመን አይደለም።

በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ልጁ አንዴ ከተናገረ ማንም ምንም መጠየቅ የለበትም፣ ቶሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ነው ይላሉ። ይህም አላረካኝም። ልጄ ነገርን በጥቁርና በነጭ የሚያዩ ሰው ናቸው። አንድ መንገድ ከያዙ ከዚያ መውጣት ይከብዳቸዋል። የነገን መገመት ይቸግራቸዋል። የመኪና መሪ ሳልሰጣቸው፣ ሰውነት የሚለውጥ ውሳኔ ላይ ጊዜ ይወሰድ ማለቴ ጭካኔ አይመስለኝም።

ያልጠበቅኩት ነገር ግን ሁለቱም ወገን የሚጠቅሷቸውን ሰነዶች ሳነብ አገኘሁ። እነ ስትራንግ 22 ባለሙያዎችን አማክረው ያዘጋጁት በ2018 የታተመ የሕክምና መመሪያ አለ። ይህ ወጣቶቹን ከሚደግፈው ወገን የመጣ ነው። ጾታ ክሊኒክ የመጣ ልጅ ኦቲዝም ይኑርበት አይኑርበት ይታይ፣ ኦቲዝም ክሊኒክ የመጣም ስለ ጾታው ይጠየቅ ይላል። ኦቲዝም መኖሩ ልጁን ከእርዳታ እንደማያስቀረው፣ ግን ምርመራው ረዘም ያለ ጊዜ ሊፈልግ እንደሚችል ያስረዳል። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የሕፃናት ሐኪሟ ሂላሪ ካስ ለእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ያቀረቡት ትልቅ ሪፖርት ወጣ። ይህኛው ጉርምስናን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ማስረጃቸው ደካማ ነው ብሎ ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሳ ነው፤ እንግሊዝም መድኃኒቶቹን ለዚህ ዓላማ ለልጆች በመደበኛነት መስጠት አቁማለች። እሱም ወደ አገልግሎቱ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ኦቲዝምን ጨምሮ ሁለንተናው ይታይ ይላል።

በሌላው ሁሉ የሚጣሉ ሁለት ወገኖች እዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው። ልጁን ሙሉውን እዩት። ፖለቲከኞች ግን ይህችን ገጽ ሲያነቡ አላየሁም። እዚህ አሜሪካ ከ20 በላይ ግዛቶች ሕክምናውን ለልጆች ከልክለዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 የቴነሲን ሕግ 6 ለ 3 አጽድቆታል። ስለ ሕጉ የሚጮኸው ሰው ብዛት፣ ከእንደዚህ ዓይነት ልጅ ጋር እራት ከሚበላው ሰው ብዛት በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ማንም አላጠናውም።

አንድ ቁጥር ልጨምርና ቁጥር ላቁም። በ2014 እንግሊዝ ውስጥ ኦቲዝም (ያኔ አስፐርገር ይባል የነበረው) እንዳለባቸው በጉልምስና የተነገራቸው 374 ሰዎች ተጠይቀው 66 በመቶዎቹ ራሴን ላጥፋ ብለን አስበን እናውቃለን ብለዋል። ይህ ጾታን አይመለከትም፤ ሳይታወቅላቸው፣ ሳይሰሙ የኖሩ ሰዎች ነገር ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ ያ መመለሻ የሌለው ትኬት ነው። ልጄን ሜትሮ ወደሌለበት፣ ሰዓት ወደማይከበርበት፣ ምግቡም ድምፁም ወደማያውቁት ቦታ ወስጄ፣ ዋሽቼ፣ ጥያቸው ልመጣ ነበር። ለደኅንነታቸው ብዬ።

*

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። ሁለቱንም ነገር የምታውቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ አግኝተናል። በሁለት ሳምንት አንዴ ልጄ ከእሷ ጋር ይቀመጣሉ። ስለ መድኃኒት የተወሰነ ነገር የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የጠየቁት የምንጠራበትን ስምና አጠራር ነው።

እንግሊዝኛው ቀላል ነበር። አማርኛው ግን፣ የቋንቋችን ነገር ታውቁታላችሁ። «ና» እና «ነይ»፣ «በላህ» እና «በላሽ»፤ አንድ ሰው እራት ቀርቧል ለማለት ጾታ ሳይጠራ አይችልም። ቤታችን ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የሸሚዙ ጨርቅ አንገታቸውን ይበላቸዋል ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል እኔና ባለቤቴ ግስ እየሸሸን፣ «እራት!» «ትምህርት ቤት!» እያልን እንደ ፖሊስ ስንጮህ ከረምን።

መፍትሔውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ደብተራቸውን ይዘው መጡና የግስ እርባታ ሠንጠረዡን አሳዩኝ። «ይሄ መስመር ላይ ወንድና ሴት የለም» አሉ። ጣታቸው ያረፈው «እርስዎ» ላይ ነበር።

ሳቅሁ፤ ከዚያ አልሳቅሁም። አባቴን አንቱ ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሁን ልጄን «ይምጡ፣ እራት ይብሉ» እላለሁ። መጀመሪያ ምላሴ ተሳሰረ። አሁን ለምዶታል። እውነቱን ለመናገር አንቱ የምትሉትን ሰው መቆጣትም ይከብዳል፤ ቤታችን ረጋ ብሏል።

ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ በስልክ ስትሰማኝ «ምነው ልጄ፣ ሹመት አገኙ እንዴ?» አለችኝ። የቻልኩትን ያህል አስረዳኋት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ይበላሉ? ይተኛሉ?» ብላ ጠየቀች። አለቀሰችም። ለማርያም ስለት ተስላለች፤ ምን ብላ እንደተሳለች አልጠየቅኳትም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ስልኩን ሲያነሱ «እንደምን አደሩ የኔ ሹም» አለቻቸው። እናቶቻችን ወንዱን ሕፃን «ነይ የኔ እመቤት»፣ ሴቷን «ና የኔ ጌታ» እያሉ ሲያቆላምጡን ኖረዋል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ግን አማርኛችን ለፍቅር ሲል ከአጥሩ ወጣ ማለት ድሮም ያውቅበታል።

ያልፈታሁት ብዙ ነው። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኩም። እህቴ ቤታችን መምጣት አቁማለች። ልጄ በ20 ዓመታቸው ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ይጸኑበት ይሆናል፣ ይለወጡ ይሆናል። የጠቀስኳቸው ጥናቶች የሆላንድ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ናቸው፤ እኔን የመሰለ ቤተሰብ በውስጣቸው ፈልጌ አላገኘሁም። እኛ ልጆቻችንን ስለምንደብቅ ይመስለኛል።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። እንደኔ ዓይነት ወላጅ ሲደውልላችሁ «ላካቸው» አትበሉት። ቁጥር ስትሰሙ የባለቤቴን «እና?» አስታውሱ። በውጭ ያላችሁ ደግሞ ኦቲዝምንም ጾታንም የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጉ፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ግማሽ ልጅ ነው የሚያየው።

ይህን ጽሑፍ ልጄ ሳይፈቅዱ አላወጣሁትም። አነበብኩላቸው። «3 እስከ 6 እጥፍ» ብዬ የጻፍኩትን «3.03 እስከ 6.36 ነው፣ በትክክል ጻፈው» ብለው አሳርመውኛል። በሚመጣው ክረምት ሦስታችንም ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ትኬቶቹን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ መመለሻ ቀኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠዋል።

አስተያየት ስትጽፉ አንድ ነገር አስቡልኝ። ልጄ አማርኛ ማንበብ እየተማሩ ነው፤ የተጻፈውንም እንደተጻፈ ነው የሚያምኑት።

ሰላም ሁኑልኝ።